ጥላው የተቆረጠበት ቡና

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ምላሴ ይያያዛል። የቱ ጋ እንደዋሸሁ፣ የቱ ጋ እውነቱን እንደተናገርኩ እኔው ራሴ ለይቼ አላውቀውም። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ እንደሆነው አወራችኋለሁ። ፍርዱን እናንተ ትሰጡበት ይሆናል።

ባሕር ዳር ከገባሁ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሽን ጠጋኝ ሆኜ ተቀጥሬ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አገሩንም ሰዉንም አላውቅም። የማውቀው ማሽን ነው። ማሽን ሲቆም የቆመበት ምክንያት አለው፤ ፈልገህ ታገኘዋለህ፣ ታጠብቀዋለህ፣ ይነሣል። የሰውንም ነገር የማየው እንደዚያ ነበር።

እናኑን ያገኘኋት እጄን ማሽን ነክሶኝ ክሊኒክ የሄድኩ ቀን ነው። ነርስ ናት። ቁስሌን እየጠረገች፣ «ዓይንህን ወደዚያ አዙር፣ እንዳትወድቅብኝ» አለችኝ። ቁስሉ ዳነ፤ እኔ ግን ወደ ክሊኒኩ መመላለሴን አልተውኩም። ከዓመት በኋላ ለመጋባት ተስማማን።

እናኑ የዘጌ ልጅ ናት። እናቷ ሞታለች። አባቷ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው፤ ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። «አባየ አሁን አሁን ይረሳል» ብላኛለች። ስለ ወንድሟ የነገረችኝ ደግሞ ይህን ብቻ ነው፦ «አንድ ወንድም ነበረኝ፤ አስማረ ይባላል። ከቤት ወጥቶ ቀረ።» ይህን ብላ ወሬውን ዘጋችው። እኔም አልቆፈርኩም። ሽማግሌዎቼ ሄደው፣ አክስቷና ዘመዶቿ ተቀብለው፣ ነገሩ አልቆ ነበር። የቀረው የኔታ እኔን በዓይናቸው እንዲያዩኝ ብቻ ነው። አንድ የኅዳር ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ተሻገርን።

ከወደቡ ወጥተን በድንጋይ የተነጠፈውን ቀጭን መንገድ ይዘን ስንሄድ ጫካው ዋጠን። እኔ የቡና ማሳ ሲባል ሜዳ ላይ ተሰልፎ የቆመ ነገር ነበር የሚታየኝ። እዚህ ከላይ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የተቃቀፉ ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ከሥራቸው እርጥበትና ጨለምለም ያለ አረንጓዴ ብርሃን አለ፣ ሌላ ነገር የለም።

«ቡናው የታለ?» አልኳት።

ሳቀች። «በመሀሉ አይደል እየሄድህ ያለኸው?»

ያኔ አየሁት። ግንዱ ከክንዴ የማይወፍር፣ ከእኔ ቁመት ብዙም የማይበልጥ ዛፍ ግራና ቀኙን ሞልቶታል። ቅጠሉ ያብለጨልጫል፤ ቅርንጫፉ በቀይ ፍሬ ጎብጧል። ማንም አላሰለፈውም፣ እንደፈለገው ቆሟል።

«ቡና ትንሽ ዛፍ ነው» አለች እናኑ። «ከትልልቆቹ ሥር ተጠልሎ ነው የሚኖር። እዚህ መሬት አይታረስም፤ ዛፉ ካለ ቡናው አለ።»

ከግቢው ስንደርስ አክስቷ እትየ ማንጠግቦሽ በደጅ ተቀበለችን። የኔታ በነጭ ጥምጥምና በጋቢ ተጠቅልለው ውጭ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ ስል ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። መዳፋቸው ሻካራ ነው። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«መጣህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ቆየህሳ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጀልባው ዘግይቶብን ነው።»

እትየ ማንጠግቦሽና እናኑ ሳቁ። የኔታ ግን አልሳቁም። «ጀልባው» እያሉ ቃሉን ለብቻቸው ደጋገሙት። ጠፍቷቸው የነበረ ነገር ያገኙ መሰሉኝ። እኔ ደስ አለኝ፤ ወደዱኝ አልኩ።

እትየ ማንጠግቦሽ ለምሳው ጉድ ጉድ ስትል እናኑ ዘመዶቿን ልትጠራ ወደ ጎረቤት ሄደች። ያን ጊዜ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

«ና እንሂድ» አሉኝ።

እናኑ ቀደም ብላ፣ «የሚልህን ሁሉ እሺ በለው» ብላኝ ስለነበር እሺ አልኩ። ጃኬቴን መደቡ ላይ ጣል አድርጌ ተከተልኳቸው። ስልኬ ኪሱ ውስጥ መሆኑን ያስታወስኩት በኋላ ነው። ግቢያቸውን ሊያስጎበኙኝ ነው ብዬ፣ ቶሎ የምንመለስ መስሎኝ ነበር።

የኔታ እግራቸው መንገዱን ያውቀዋል። እኔ በሥሩና በድንጋዩ ስደናቀፍ እሳቸው ሳያዩ ይረግጣሉ። ያለፍንበትን ግንድ ሁሉ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ይኸ ሰሳ ነው፣ ይኸ ዋንዛ። ይኸንኛው ወፍ ያመጣው ነው። ያን ደግሞ እኔ ነኝ የተከልሁት» ይሉኛል። አንድ ቦታ ቆመው ቀይ የቡና ፍሬ ቀጠፉና አፌ ውስጥ ከተቱልኝ። ልጣጩ ጣፋጭ ነበር።

«እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር» አልኩ።

መቋሚያቸውን ተክለው ዞሩ። «አታውቅም? ይኸንን እየመጠጥህ አይደል ያደግኸው፣ አስማረ?»

መጀመሪያ ተሳስቼ የሰማሁ መሰለኝ። ቀጥሎ አማች ሲፈተን እንዲህ ይሆን አልኩ። አገሩን አላውቅም፤ ምን ልማድ እንዳላቸው ምን አውቄ።

«የኔታ፣ እኔ ብሩክ ነኝ» አልኳቸው።

«ብሩክ ያድርግህ ልጀ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«አይደለም የኔታ፣ ስሜ ነው። ብሩክ እባላለሁ። የእናኑ እጮኛ ነኝ።»

ቆሙ። «የእናኑ?» አሉ። ፊታቸው ሲለዋወጥ ዓይኔ እያየ ነው። «እናኑ ገና ሕፃን ናት። አንተ ማን ነህ? ልጀን የት አደረግኸው? አሁን ከእኔ ጋር ነበር።»

እጃቸውን ልይዝ ስል ፈርተውኝ ወደኋላ አፈገፈጉ፤ ከዚያ ከመንገዱ ወጥተው ቁጥቋጦው ውስጥ ገቡ። ተከተልኳቸው። ይሮጣሉ ማለት ይቻላል። እሾህ ጥምጥማቸውን ይዞ አስቀረው፤ አንሥቼ በእጄ ያዝኩት። ሥር ጠልፏቸው ወደቁና ቅልጥማቸው ተገሸለጠ። ደግፌ ሳነሣቸው መላ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደኋላዬ ብዞር የመጣንበት መንገድ የለም። በየትም በኩል ያው ቀጭን ግንድ፣ ያው የሚያብለጨልጭ ቅጠል፣ ያው ቀይ ፍሬ ነው። «ሰው የለም ወይ?» ብዬ ተጣራሁ። ከላይ ከጦጣዎች መንጫጫት በቀር መልስ አላገኘሁም።

«አንተ ማን ነህ?» ይሉኛል ደግመው ደጋግመው። እውነቱን በነገርኳቸው ቁጥር ይብስባቸዋል፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፣ ሊያመልጡኝ ይታገላሉ። ልባቸው ቀጥ ብትልስ? በመጀመሪያው ቀን የልጅቷን አባት ጫካ ውስጥ ገድዬ ልመለስ ነው? ሐሳቤ ሁሉ ተደበላለቀ። እውነት ሰውን እንዲህ ሲያስደነግጥ አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ፣ እናኑ ስትጠራቸው እንደሰማሁት፣ «አባየ» አልኳቸው። «አስማረ ነኝ። አትፍሩ።»

መንቀጥቀጣቸው ቀስ በቀስ ቆመ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እንዲያ በለኝ እንጅ» አሉ። ጥምጥማቸውን ከእጄ ተቀብለው ጠመጠሙት፤ ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው፣ መንገድ በሌለበት፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ፊት ፊት ይሄዱ ጀመር። እኔም ሌላ ሰው ሆኜ ተከተልኳቸው።

ብዙ ከሄድን በኋላ ብርሃኑ ድንገት ዓይኔን ወጋኝ። ጫካው መሀል ላይ ጣሪያው ተነቅሏል። ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። የትልልቅ ዛፎች ጉቶ ዕድሜ አጥቁሮት እዚህም እዚያም ተቀምጧል። በመሀሉ የቆሙት ቡናዎች ከመጣንበት ቡና ጋር አንድ ዘር አይመስሉም። ግማሾቹ ደርቀዋል፤ የቀሩት ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ጫፉ ተቃጥሏል፤ ጥቂት የጨነገፈ ጥቁር ፍሬ ተንጠልጥሎባቸዋል። ሳሩ ብቻ ነው የበዛው።

የኔታ አንዱ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። እኔ ፊታቸው ቆምኩ።

«እስቲ እያቸው» አሉኝ።

«እያየኋቸው ነው።»

«ቡና ትንሽ ዛፍ ነው። እግዚአብሔር ሲፈጥረው በሌላው ጥላ እንዲኖር አድርጎ ነው። ፀሐይን ለብቻው አይችልም። አንድ ሁለት ዓመት ፍሬ በፍሬ ይሆናል፣ ሰውም የበረታ ይመስለዋል። አቅሉን አጥቶ ነው እንጅ አልበረታም። ከዚያ በቁሙ ይደርቃል።» ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ይኸን ነግሬህ ነበር። ለምን ቆረጥኸው?»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እናኑ የዘጋችው ወሬ ይህ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው እዚህ ምሳር ይዞ ቆሞ ነበር፤ አሁን እሱ የለም፤ ጥያቄው ግን እኔ ፊት ተቀምጧል። ምን ልበል? አስማረ አይደለሁም ብል ያ ፍርሃት ሊመለስባቸው ነው። ነኝ ብዬ ደግሞ በሰው ኃጢአት ምን ብዬ ልመልስ?

«አላውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

«አታውቅም?» ድምፃቸው አልጮኸም። «ቀኑን ሙሉ ስትቆርጥ ውለህ አታውቅም? እናትህ ደጅ ተቀምጣ የምሳሩን ድምፅ ስትሰማ ነው የዋለች። ልጀ ነው፣ ልጀ ነው የሚቆርጥ አለች። እኔ ከደብር ስመለስ ያገኘሁት ይኸንን ነው። እሷም ብዙ አልቆየች።»

ዓይኔ በእንባ ሞላ። ዛፍ ቆርጬ አላውቅም፤ እናቴም ድሬዳዋ በሕይወት አለች። ለምን እንዳለቀስኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እዚያ ጉቶ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን መልሱን ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ በጫካው ውስጥ የሚመልስላቸው ደግሞ ከእኔ በቀር ሌላ አልነበረም።

«ይቅር በሉኝ አባየ» አልኩ።

ዝንብ ቁስላቸው ላይ ሲያርፍ እንኳ አላባረሩትም።

«ገዝቸህ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ከደጀ እንዳትደርስ፣ ሬሳየን እንዳታይ ብየ ገዝቸህ ነበር። የታሰርሁት ግን እኔ ነኝ። ቆሜ ሳስቀድስ አንተ፣ ስተኛ አንተ። ና ጎንበስ በል።»

ጎንበስ አልኩ። መዳፋቸውን ራሴ ላይ አኖሩ።

«ያሰርሁህን እኔው ፈትቸሃለሁ። እግዚአብሔርም ይፍታህ። ግባ፤ ቤትህ ነው።»

ከእጃቸው ሥር ሆኜ፣ ይህ የእኔ አይደለም፣ ባለቤቱ ሌላ ነው፣ ማለት ፈለግኩ። አላልኩም። የሰው አደራ ተቀበልኩ።

የኔታ ቀለል ብሏቸው ተነሡና አንድ ጉቶ አሳዩኝ። ከጎኑ የዋንዛ ቀንበጥ አቆጥቁጦ ወገቤ ድረስ ደርሷል፤ ከሰፋፊ ቅጠሎቹ ሥር አንዲት ጣት የምታህል የቡና ችግኝ በቅላለች። ማንም አልተከላትም። «ይኸችን ጠብቅልኝ» አሉኝ፤ «እሺ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጉልበታቸው አንድ ጊዜ ከዳቸው። መልሰው ጉቶው ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ደርቋል። «ውሃ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ዙሪያቸውን እያዩ፣ «ቤታችን በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እስካሁን ይመሩኝ የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ፀሐዩ ዘንበል ብሏል። ሽማግሌውን ትቼ እርዳታ ፍለጋ ብሄድ መልሼ አላገኛቸውም። አብሬ ብቀመጥ ማን ያገኘናል? ከግራ መጋባቴ መሀል አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ፦ ዘጌ በሦስት በኩል በውሃ የተከበበ ነው፤ ቁልቁል የሄደ ሰው ከሐይቁ መድረሱ አይቀርም።

አዘልኳቸው። እንደ ሕፃን ቀላል ነበሩ። መቋሚያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ሌላውን አንገቴ ላይ ጠምጥመው፣ ትንፋሻቸው ጆሮዬ ላይ እየተሰማኝ ቁልቁለቱን ያዝኩ። ቅርንጫፍ ሲመጣ «ጎንበስ በል» ይሉኛል። ትንሽ እንደሄድን፣ «ወፍረሃል አስማረ» አሉኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

ከውሃው ዳር የደረስነው በደንገል መሀል ነው። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። በመዳፌ ውሃ እየቀዳሁ አጠጣኋቸው። ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ሲቀዝፍ አየሁና ተጣራሁ። ቀርቦ ሲያየን ቀዘፋውን ተወ።

«የኔታ አይደሉም እንዴ? አገሩ ሁሉ እኮ እሳቸውን ፍለጋ ወጥቷል። አንተ ማን ነህ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣሁበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። «እንግዳ ነኝ» አልኩት።

እሳቸውን ታንኳው ላይ አስተኛን፤ እኔ ዳር ዳሩን እየተከተልኩ ሄድኩ። ወደቡ ላይ ሰው ተሰብስቧል። እናኑ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ አባቷን ተቀበለች። መጀመሪያ የልብ ምታቸውን ዳሰሰች፤ ቁስላቸውን አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የት ወስደኸው ነው?»

«እሳቸው ናቸው የወሰዱኝ።»

የተሰበሰበው ሰው በጥርጣሬ አየኝ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ራሴን እንደዚያው እያየሁት ነበር።

የኔታ ውሃ ጠጥተው፣ ትንሽ ቀምሰው ተኙ። ጀንበር ስትጠልቅ እናኑ ግቢው ጥግ ወስዳ አስቀመጠችኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ከጉቶው ወሬ ስደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ይቅር አለው?»

«ለእኔ ነው ያሉኝ።»

«ማን ብሎ ጠርቶህ?»

«አስማረ ብለው።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ የዘጋችውን ወሬ ከፈተችልኝ። አስማረ የሞተር ጀልባ መግዛት ፈልጎ ነበር። አባቱ እንቢ አሉት። ጣውላ ነጋዴዎች መጥተው ትልልቆቹን ዛፎች ሽጥልን አሉት፤ ቡናው አይነካም፣ እንዲያውም ፀሐይ ሲያገኝ ያፈራል ብለው አሳመኑት። አባቱ ለክብረ በዓል ወደ ሌላ ደብር በሄዱበት ነው የቆረጠው። እናታቸው ቀድሞም በሽተኛ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ሞተች። አባት ሁለቱን ነገር አንድ አደረጓቸው።

«ማክሰኝት ነው ያለ» አለች እናኑ። «ከሐይቁ ወዲያ። እንጨት ቤት ይሠራል አሉ። ስልኩን ከሰው አግኝቸ ይዠዋለሁ፤ አንድም ቀን አልደወልሁም። ምን ልለው?» ቀና ብላ አየችኝ። «አሁንስ ምን ልበለው? ይቅር ተብለሃል ልበለው? ተብሏል ወይስ አልተባለም?»

እኔን ትጠይቀኛለች።

በማግሥቱ ደወለች። በሳምንቱ እሑድ አስማረ መጣ። እኔን ያህላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ረጅም፣ ከስቶ ጎበጥ ያለ፣ ጠጉሩ ያለ ዕድሜው የሸበተ ሰው ነው። ከግቢው በር ሲደርስ እግሩ ቆመ። እትየ ማንጠግቦሽ ጎተተችው፤ እንቢ አለ። «ግዝት አለብኝ» ይላል። ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

«አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንም። ክንዱን ያዝኩት፤ አብረን ገባን።

የኔታ እዚያው መደብ ላይ ነበሩ። አስማረ ፊታቸው ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ። እናኑ በር ላይ ቆማለች። የኔታ ቀና አድርገው አዩት። በአክብሮት ነው ያዩት፤ ሰው እንግዳን እንደሚያይ።

«እንደምን ዋልህ? አገርህ ወዴት ነው?»

«ማክሰኝት» አለ አስማረ።

«ሩቅ ነው። ደክሞሃል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አስማረ፣ ተነሥ እንጅ። እንግዳውን ወንበር ስጠው። ውሃ አምጣለት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግራ የተጋባሁበት ግን የለም። የማንን ትእዛዝ ልፈጽም? አይደለሁም ብል ያ ፍርሃት ሊመለስ ነው። ብታዘዝ ልጁን በአባቱ ፊት እንግዳ ላደርገው ነው። አስማረ ራሱን እየነቀነቀ በዓይኑ እሺ በል አለኝ። ውሃ አምጥቼ እጁን አስታጠብኩት።

ሲወጣ ተከትዬው ወጣሁ። ከቤቱ ጀርባ፣ ቡናዎቹ መሀል ቆሞ ጠበቀኝ።

«ምን አለህ? ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ።»

ነገርኩት።

«እጁንሳ?»

«ራሴ ላይ።»

ተንበረከከ። «አድርግልኝ።»

«እኔ እኮ ካህን አይደለሁም» አልኩት። «ልጃቸውም አይደለሁም። ደፍሬ ነው የተቀበልኩት። ከእኔ ምን አለ?»

«እሱ ዘንድ ያለውን ማውጣት አይቻልም። አየኸው አይደል? ያለው አንተ ዘንድ ነው።»

እጄን ራሱ ላይ አኖርኩ። የግሪስ ጥቁረት ከጣቶቼ ጥፍር ሥር ያልለቀቀ እጅ ነው። ቃላቱን እንደሰማኋቸው ተናገርኩ። «ያሰርሁህን እኔው ፈትቸሃለሁ። እግዚአብሔርም ይፍታህ።» የመጨረሻዋ ቀረች። ከሌላ አገር የመጣሁ፣ የዚያን ግቢ ደጅ ገና ሁለተኛ ጊዜ የረገጥኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም አልኩት። «ግባ፤ ቤትህ ነው።»

ገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ማክሰኝት የተመለሰው ዕቃውን ሊያመጣ ብቻ ነው። ባዶው ቦታ ላይ ዋንዛና ብሳና ተከለ። የቡና ችግኞቹን፣ ትልልቆቹ እስኪደርሱላቸው ድረስ፣ በቅጠልና በሸንበቆ አጠለለላቸው። የኔታን ደግፈን ስንወስዳቸው ጉቶው ላይ ተቀምጠው ሲሠራ ያዩታል። «ይኸ የማክሰኝት ሰው ታታሪ ነው» ይሉኛል እኔን። አንድ ቀን፣ «እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት የታደለች ናት» አሉ። አስማረ ሰምቷል። ቀና አላለም፤ አፈሩን መኮትኮቱን ቀጠለ።

እኔና እናኑ ተጋባን። የኔታ እስኪያርፉ ድረስ ግን አማቻቸው ሆኜ አላውቅም። «ባልሽ የታለ?» ሲሏት እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ሥራ ላይ ነው አባየ፣ ይመጣል» ትላቸው ነበር።

ውድ አንባቢዎች፣ ያ ቀን ምን ለወጠብኝ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ብልሽት የሚጠብቅ ብሎን አለ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ እንደዚያው ነኝ፤ ከፋብሪካው ስወጣ ግን አይደለሁም። ለንስሐ አባቴ ሁሉን ነግሬያቸው፣ «በሰው ስም ይቅርታ መቀበል ኃጢአት ነው ወይስ በጎ ሥራ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ብዙ አሰቡ። «ልጄ፣ እኔም ገጥሞኝ አያውቅም፤ እንጸልይበት» አሉኝ። አንዳንዴ የሽማግሌን ድካም መጠቀሚያ ያደረግኩ ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ያቺ ቃል እኔን አልፋ ከባለቤቷ ለመድረስ ሌላ መንገድ አልነበራትም እላለሁ። ሁለቱም ሐሳብ አብሮኝ ይኖራል። የዋሸሁት የሚድን ሰው ለማዳን ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ስሞክር፣ የአስማረ ፊት ይመጣብኛል፤ አባቱ «አገርህ ወዴት ነው?» ሲሉት የነበረው ፊት። ከእናንተ መሀል በእርግጠኝነት የሚፈርድ ካለ እቀናበታለሁ።

የኔታ ባለፈው ክረምት አረፉ። በቀብሩ ላይ ልቅሶ ደራሹ እኔንም አስማረንም እኩል «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለን። ከሠልስቱ ማግሥት ሁለታችን ወደ ባዶው ቦታ ሄደን አረም እንነቅል ነበር። አሁን ባዶ ነው አይባልም፤ ዋንዛው ጥላ መጣል ጀምሯል። ከመንገዱ በኩል ጎረቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አስማረ!» ብሎ ተጣራ።

ሁለታችንም «አቤት» አልን።